ለደብረ ማርቆሱ መካኒክ ምስጋናዬ ይድረስ

እጁን ይባርከው! የቶዮታ ያሪስ መኪናዬን ሞተር መንቀጥቀጥ ምክንያቱን ፈልጎ ያገኘልኝ ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ወጣት መካኒክ ነው። ጎጃም ውስጥ መኪና የምትነዱ ሁሉ እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ጠዋት ሲነሳ ሞተሩ ሰላም ነው። ሲሞቅ ግን ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሰራ) ይንቀጠቀጣል፤ በሶስት ሲሊንደር ብቻ የሚሰራ ይመስላል። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ስንወጣማ ጉልበት ያጣል፣ የቼክ ኢንጅን መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ኮምፒውተር ሲነበብ የሚወጣው ኮድ ያው ፒ0302 ነው። ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው። ሌላ ቦታ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ተቀየረ፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከው ኮይል ተቀየረ፣ ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር ታጠበ። ኮዱ ተመልሶ መጣ።

ይህ ልጅ ግን ምንም እቃ አላስገዛኝም። «እትዬ፣ ኮዱ የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ ይነግረናል፤ በሽታውን መፈለግ የኛ ስራ ነው» አለኝ። የሁለተኛውን ኮይል ከሶስተኛው ጋር አቀያየረ። ጥፋቱ እዚያው ሁለተኛው ላይ ቀረ። ካንዴላውንና ኢንጀክተሩንም እንዲሁ ሞከረ። አሁንም ሁለተኛው። ያን ጊዜ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት፣ ወደ መለካት ሄደ።

የወደድኩለት እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ሲለካ አራቱም ተቀራራቢ ናቸው። ብዙ ሰው እዚህ ያቆም ነበር። እሱ በደንብ አሙቆ ደገመው፤ ሁለተኛው ወረደ። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ጌጁም በራሱ ዝቅ ብሎ ያነባል። ስለዚህ የመኪናውን መጽሐፍ ቁጥር ትቶ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ አወዳደረ። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምሮም ለካ። ግፊቱ ከፍ ቢል ኖሮ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ይጠረጠር ነበር። ከፍ አላለም።

መኪናዋ ጋራዡ አደረች። ጠዋት ሳትነሳ የላይኛውን ክዳን ከፍቶ የቫልቮቹን ክፍተት (በቫልቩና እሱን በሚገፋው ዘንግ መካከል ያለውን) ለካ። በዚህ ሞተር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ክፍተት በቀዝቃዛው ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊሜትር መሆን አለበት። የሁለተኛው ሲሊንደር አንዱ ቫልቭ ግን ክፍተት የለውም ማለት ይቻላል። ብረቱ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ቫልቩ ገጥሞ መዘጋት ያቅተዋል፣ ግፊቱ ያመልጣል። በቃ፣ ይኸው ነበር!

ደግነቱ ቫልቩ አልተቃጠለም፤ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ማውረድ አላስፈለገም። ሳሳ ያለ ታፔት (ቫልቩ ላይ የሚቀመጥ ቆብ) ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ክፍተቱን ሬጅስትሮ አደረገው፣ ማለትም አስተካከለው። ሲጨርስ ሞተሩን አሙቆ እንደገና ለካና አሳየኝ። ያስከፈለኝም የሰራበትን ብቻ ነው።

ደጋግሞ የነገረኝን ለእናንተም ልንገር። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ አትንዱ፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ገብቶ ካታሊስቱን (ጭሱን የሚያጣራውን እቃ) ያበላሻል።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሱን አስፈቅጄ ስልኩን እልካለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ችግሩ ሲሞቅ ይሁን ሲቀዘቅዝ፣ ዳገት ላይ ይሁን ሚኒሞ ላይ አስተውሉ። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።