ሆርሞን የሚገታው መርፌ ወይስ ጂንን ዝም ማሰኘት?

በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የጎረቤቴ የፕሮስቴት ካንሰር ወደ ወገባቸው አጥንት ተዛምቷል። ልጃቸው ጂንን ዝም ስለሚያሰኝ ሕክምና ስልኩ ላይ ያነበበውን እያሳየኝ፣ «ጋሼ፣ መርፌውን ትተን ይህንን ብንጠብቅስ?» አለኝ።

መርፌው የቆየ ነው። ካንሰሩ በወንዴ ሆርሞን እንደሚያድግ ሐኪሙ ቻርልስ ሃጊንስ እ.ኤ.አ. በ1941 አሳይቷል። ሆርሞኑን የሚገታው መርፌ፣ ጎሰሬሊን፣ በየ28 ቀኑ ከሆድ ቆዳ ሥር ይወጋል። ሰውነትን በድንገት ያግላል፣ አጥንት ያሳሳል፤ ውሎ አድሮም ካንሰሩ ይለምደዋል።

ጂንን ዝም ማሰኘት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሐሳቡ ያምራል። አጭር አርኤንኤ (የዲኤንኤ ዘመድ የሆነ ሞለኪውል) የካንሰሩ ሴል ውስጥ ገብቶ ከጂኑ የተቀዳውን መልእክት ያስቆርጣል። ጂኑ ሳይነካ፣ ሴሉ ለመሰደድ የሚፈልገው ፕሮቲን ሳይሠራ ይቀራል። በአይጦች ላይ የካንሰሩን ስርጭት የቀነሰባቸው ሙከራዎች አሉ። ጣጣው ማድረሱ ላይ ነው፦ ራቁቱን ደም ውስጥ የገባ አርኤንኤ ወዲያው ይሰባበራል፤ በስብ ተጠቅልሎ ቢላክም አብዛኛው ጉበት ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የጸደቀው የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት መድኃኒት፣ ፓቲሲራን፣ የተሳካለትም ዒላማው ጉበት ስለሆነ ነው። የወገብ አጥንት ሌላ አገር ነው። ለፕሮስቴት ካንሰር የጸደቀ እስካሁን የለም።

ለልጁ ያልኩት አጭር ነው፦ የመርፌው ቀን እንዳይዛነፍ፣ የአጥንቱንም ነገር ሐኪሙን ጠይቅ።