ለሐዋሳ ዳገት የትኛው ይሻላል? ቀላልና ለአካባቢ የሚስማሙ የሩጫ ጫማዎች ሲነጻጸሩ

ባሕር ዛፍ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ጉሎ። ሦስቱንም የሐዋሳ ሰው አሳምሮ ያውቃቸዋል፤ አሁን ደግሞ በሩጫ ጫማ ካርቶን ላይ ተጽፈው እየመጡ ነው። የላዩ ጨርቅ ከባሕር ዛፍ፣ ሶሉ ከሸንኮራ፣ ሶሌታው ከጉሎ ዘይት። የተጻፈው ውሸት አይደለም። ነገር ግን ጫማው ታቦር ተራራ ላይ ሁለት ወር ሳይሞላው ከተተረተረ፣ ከምንም ተክል ቢሠራ ጥቅም የለውም። ስለዚህ ይህ ንጽጽር የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ጫማው የሐዋሳን ዳገትና ቁልቁለት ስንት ኪሎ ሜትር ይችላል?

የምናነጻጽረው አራት ምርጫ ነው፦ አልበርድስ ትሪ ዳሸር፣ ኤንኖርማል ክዬራግ፣ ሜረል ትሬይል ግላቭ 7 እና ከሳልባጅ ተራ ተመርጦ የሚገዛ ጤነኛ ጫማ። ለቸኮለ ሰው መልሱ ይኸው፦ ሩጫችሁ በአብዛኛው በሐይቁ ዳርና በአስፋልት ከሆነ ትሪ ዳሸር ይበቃል። በሳምንት ሁለት ቀን ታቦር ወይም አላሙራ የምትወጡ ከሆነ ክዬራግ። ሜረል ለጀማሪ አይሆንም። ገንዘብ ካጠረ ደግሞ ከአዲስ ርካሽ ኮፒ ይልቅ ጥሩ ሳልባጅ ይበልጣል፤ ለአካባቢም ቢሆን ይህኛው ነው የሚሻለው።

ከተክል ተሠራ ማለት ይበሰብሳል ማለት አይደለም

ገዢን በብዛት የሚያሳስተው ይህ ነው። ከሸንኮራ የሚሠራው ስፖንጅ ኢቪኤ ይባላል። ከነዳጅ ከሚሠራው ኢቪኤ ጋር በኬሚካል አንድ ነው፤ የሚለየው መነሻው ብቻ ነው። መሬት ውስጥ ቢቀበር እንደ አገዳ ገለባ አይበሰብስም። ከላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ ፖሊስተርም ቢሆን ያው ፖሊስተር ነው። ጥቅሙ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው፦ ነዳጅ ይቀንሳል፣ ወደ አየር የሚለቀቀው ካርቦንም ያንሳል።

በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. አንድ የተለመደ የሩጫ ጫማ ፈትሸው ነበር። ጥንዱ ወደ 14 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፤ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የሚወጣው ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ነው። ይህ ማለት ጉዳቱ አብዛኛው ጫማውን ሳታጠልቁት በፊት አልቋል ማለት ነው። የቀረላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያ ጉዳት በብዙ ኪሎ ሜትር ላይ እንዲከፋፈል ማድረግ።

ሒሳቡን እንየው። 9 ኪሎ ካርቦን ያወጣ «አረንጓዴ» ጫማ 300 ኪሎ ሜትር ላይ ቢያልቅ ለአንድ ኪሎ ሜትር 30 ግራም ይደርሰዋል። 14 ኪሎ ያወጣ ተራ ጫማ 700 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል 20 ግራም ብቻ ነው። ገንዘቡም እንደዚሁ ነው፦ በ12,000 ብር ተገዝቶ 400 ኪሎ ሜትር የሄደ ጫማ በኪሎ ሜትር 30 ብር ያስወጣል፤ በ15,000 ተገዝቶ 800 የሄደው ግን 18 ብር ከ75 ሳንቲም። በሳምንት 30 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው የመጀመሪያው ሦስት ወር ገደማ፣ ሁለተኛው ስድስት ወር ያህል ይቆያል።

አንዳንድ ፋብሪካዎች ያረጀውን ጫማ ተቀብለን እንደገና እንሠራዋለን ይላሉ። አገልግሎቱ በሚሰጥበት አገር ላለ ሰው ደግ ነገር ነው። ከሐዋሳ አንድ ጥንድ አሮጌ ጫማ ጠቅልሎ አውሮፓ የሚልክ ሰው ስለሌለ ግን በምርጫችሁ ውስጥ አታስገቡት።

ቀላልነት ምን ያህል ይጠቅማል?

በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ሯጩ የሚያወጣው ጉልበት በ1 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለዕለታዊ ልምምድ ከ200 እስከ 270 ግራም የሚመዝን አንድ እግር ጥሩ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ክብደት ብቻ አትመኑ፤ የሚጻፈው ለአንድ ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ሲያድግ ክብደቱም ያድጋል። ሱቁ ውስጥ ወይም ጎረቤት ያለ የቅመም ሚዛን ላይ አንዱን እግር አስቀምጦ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ቀላልነት በራሱ ግን ለአካባቢ መስማማት አይደለም። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ስትሮጥ ያደረገችው አዲዳስ 138 ግራም ብቻ ነበር፤ ዋጋው 500 ዶላር፣ የታሰበውም ለአንድ ማራቶን ያህል ነው። ለእሷ ትክክለኛ መሣሪያ ነበር። ለዕለታዊ የአቀበት ልምምድ ግን ከዚህ የባሰ ምርጫ የለም።

ጫማዎቹ ጎን ለጎን

አልበርድስ ትሪ ዳሸር። ላዩ ከባሕር ዛፍ ቃጫ የተሠራ ሹራብ መሰል ጨርቅ ነው፤ አየር ያስገባል፣ ለሐዋሳ ሙቀት የሚመች ነው። የመሐሉ ሶል ከሸንኮራ ኢቪኤ፣ የታችኛው ከተፈጥሮ ጎማ ነው። ከአራቱ ለእግር የሚለሰልሰው ይህ ነው፤ ከፍቅር ሐይቅ ዳር እስከ አሞራ ገደል ባለው ሜዳ ላይ ጉልበት አይነካም። ችግሩ ቁልቁለት ላይ ይታያል። ጨርቁ ስለሚለጠጥ እግር ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ጣቶች ጫፉን ይመታሉ፣ የአውራ ጣት ጥፍር ይጠቁራል። ጎኑም ደጋፊ ስለሌለው መሬቱ ሲያጋድል እግሩ ከሶሉ ላይ ይወጣል። ክረምት ላይ ጨርቁ ውኃ ይጠጣል፤ ጠዋት ከረጠበ እስከ ማታ ላይደርቅ ይችላል። ሶሉ ጥርስ የለውም ለማለት ይቻላል፣ ልል ጠጠር ላይ ያንሸራትታል።

ኤንኖርማል ክዬራግ። የተራራ ሯጩ ኪሊያን ጆርኔት ከጫማ አምራቹ ካምፐር ጋር የመሠረተው ድርጅት ሥራ ነው፤ በ2022 ገበያ ላይ ወጣ። ክብደቱ 200 ግራም ገደማ፣ ተረከዙ ከፊቱ የሚበልጠው በ6 ሚሊ ሜትር፣ የሶሉ ጥርስ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከተክል ተሠራሁ ብሎ አይመጣም፤ ክርክሩ ሌላ ነው፦ ረጅም ጊዜ ተጫሙት፣ ሲበላሽ ጠግኑት። የላዩ ጨርቅ በጠንካራ ክር የተሸመነ ስለሆነ የታቦርን ሹል ድንጋይና እሾህ ይችላል፤ አይለጠጥም፣ ውኃም አያቁርም። የቪብራም ጎማው እርጥብ ድንጋይ ላይ ይነክሳል። ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛ ጎማው ክብደት ለመቀነስ ስለሳሳ አስፋልት ላይ ቶሎ ይበላል፤ ከቤት እስከ ተራራው ግርጌ ያለውን መንገድ ሁሉ በእሱ መሮጥ ሀብት ማባከን ነው። ሁለተኛ ፊቱ ጠበብ ይላል፣ ሰፊ እግር ያለው ሰው ሳይለካ አይግዛ። ዋጋውም ከአራቱ ከፍተኛው ነው። ያም ሆኖ ለዳገት ከአራቱ የምንመርጠው እሱን ነው።

ሜረል ትሬይል ግላቭ 7። ተረከዙና ፊቱ እኩል ነው፤ ከመሬት የሚለየው 14 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከጎማው 30 በመቶው እንደገና ጥቅም ላይ የዋለ ነው። ስፖንጁ ትንሽ ስለሆነ የሚሟሽሽ ነገር የለውም፣ በዚህ ምክንያት ረጅም ዕድሜ አለው። ነገር ግን ዳገት ላይ ተረከዝ በጣም ዝቅ ስለሚል ባትና የተረከዝ ጅማት ይጎተታሉ። በወፍራም ሶል የለመደ ሰው በመጀመሪያው ቀን ታቦርን ቢወጣበት በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ 10 ደቂቃ ሜዳ ላይ በመሮጥ ጀምሮ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መልመድ ግድ ነው። ኮብልስቶን ላይ የድንጋዩ ጠርዝ ሁሉ ይሰማል።

ሳልባጅ። አዲስ ነገር ሳይመረት ጫማ ማግኘት ማለት ስለሆነ ካርቦኑ ቀድሞ ተከፍሏል። (ያረጀን ነገር መልሶ መጫማት ለአገራችን አዲስ አይደለም። በረባሶ ከመኪና ጎማ ሲሠራ ኖሯል፤ የአገራችን ጫማ አምራች ሶልሬብልስም ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያንኑ ጥበብ ይዞ ወደ ዓለም ገበያ ወጥቷል፤ የሩጫ ጫማ ግን አይደለም።) ሲገዛ ግን ሶሉን አይቶ «ጥርሱ አላለቀም» ማለት አይበቃም። ስፖንጁን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ እንደ እንጨት ከደረቀ ወይም ጎኑ ላይ አግድም መስመር ከበዛበት ተዉት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከኋላ እዩት፤ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ የቀድሞው ባለቤት አረጋገጥ በእናንተ ጉልበት ላይ ይመጣል። ምላሱ ሥር ባለው ጨርቅ ላይ ብዙ ጊዜ የተመረተበት ቀን ይጻፋል፤ ከአምስት ዓመት በላይ ከሆነ ውጪው አዲስ ቢመስልም ሙጫው በድንገት ሊለቅ ይችላል።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ይሞከራል?

ማታ ሂዱ፤ እግር በቀን ውስጥ ያብጣል፣ ሲሮጥም እንዲሁ። የምትሮጡበትን ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። ከዚያ ለዳገት የሚገዛ ሰው ሁሉ የሚረሳውን አድርጉ፦ ደረጃ ፈልጋችሁ ጣታችሁን ወደ ታች አዘቅዝቁና እግራችሁን ሦስት አራት ጊዜ ረገጥ ረገጥ አድርጉ። ጣት ጫፉን ከነካ ግማሽ ቁጥር ጨምሩ፣ ወይም ክሩን በመጨረሻው ትርፍ ቀዳዳ አሳልፋችሁ ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቁ። ይህም ካልያዘው ሌላ ጫማ ሞክሩ። ተረከዝ ዳገት ላይ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ ውኃ ይቋጥራል።

አዲስ ጫማ ዳገት ላይ ሲፈተን

የመጀመሪያዎቹን 20 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ ሩጡበት። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ዳገት። ከ6 እስከ 8 በመቶ ተዳፋት ምረጡ፤ 100 ሜትር ስትሄዱ ከ6 እስከ 8 ሜትር ከፍ የምትሉበት ማለት ነው። 15 ደቂቃ ካሟሟቃችሁ በኋላ 30 ሰከንድ ወደ ላይ፣ በእርምጃ ወደ ታች፣ ስድስት ጊዜ። በየሳምንቱ አንድ ድግግሞሽ ጨምራችሁ አሥር ላይ አቁሙ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ዳገቱን በሰዓት አትለኩት፤ ሁለት ሦስት ቃል መናገር እስከቻላችሁ ድረስ ፍጥነቱ ልክ ነው። አጭር እርምጃ፣ ዓይን ከ10 ሜትር ፊት፣ መታጠፍ ከወገብ ሳይሆን ከቁርጭምጭሚት።

ጫማን የሚያጋልጠው ግን ቁልቁለቱ ነው። ከአራተኛው ሳምንት በፊት ቁልቁል አትሩጡ፤ ስትጀምሩም አራት ጊዜ 20 ሰከንድ ይበቃል። ቁልቁል ሲወረድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ስለሚሠራ ሕመሙ የሚመጣው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው፤ ይህ ጤነኛ ነው። ጉልበት ሥር የሚወጋ ሕመም ግን ጤነኛ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ እርምጃ ረዝሞ ተረከዝ ፊት ለፊት ሲመታ ነው የሚመጣው። ሬድ አሽ በፈሰሰበት መንገድ ላይ የትሪ ዳሸር ሶል እንደ ኳስ በጠጠሩ ላይ ይንከባለላል፤ እዚያ መንገድ ላይ በእሱ ቁልቁል አትሩጡ።

ዕድሜውን የሚያሳጥረውና የሚያረዝመው

ጫማ የሚገድለው ከሩጫው ይልቅ ብዙ ጊዜ አደራረቁ ነው። ታጥቦ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ የተመታ ጫማ ሙጫው ይለቃል፣ ስፖንጁ ይጨማደዳል። ሶሌታውን አውጡ፣ በቀዝቃዛ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ እጠቡ፣ በረኪና አታስነኩ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ውስጥ አኑሩ፣ ጋዜጣውን ከሁለት ሰዓት በኋላ ቀይሩ።

ሶሉ ጫፉ ላይ ሲላቀቅ ሊስትሮ ጋ ወስዳችሁ አታሰፉት፤ መርፌው በስፖንጁ ላይ የሚበሳው ቀዳዳ ተራ በተራ ይቀደዳል። አስለጥፉት። ሁለቱም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከር፣ አቧራው ይጠረግ፣ ማስቲሹ ሁለቱም ላይ በስሱ ይቀባ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሲነኩት እጅ ላይ እስከማይቀር ይቆይ፣ ከዚያ በኃይል ተጭኖ ይታሰርና 24 ሰዓት ይደር። አብዛኛው የሚላቀቀው ማስቲሹ ገና እርጥብ ሳለ ስለሚገጠም ነው፤ ሠራተኛው ቢቸኩል እናንተ ሩብ ሰዓቱን ጠብቁ።