ታብሌት ከነኪቦርዱ ወይስ ዩዝድ ላፕቶፕ? ከተበላ ሰው የተሰጠ መልስ

ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ሰው ማመልከቻ ሊያጽፍ፣ ሲቪ ሊያሠራ፣ መታወቂያ ኮፒ ሊያደርግ ይመጣል። ወረቀቱ ከፕሪንተር እስኪወጣ ቆሞ የሚጠይቀኝ ግን ሁሌ አንድ ነገር ነው። «እንዲያው አንቺ ታውቂያለሽና፣ ለልጄ ታብሌት ይሻላል ላፕቶፕ?» ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈራችን አባት ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ «አባባ፣ ጽፌ እሰጥዎታለሁ» አልኳቸው። ይኸው ጻፍኩ።

መልሴን ከፊት ልናገር፤ እስከ መጨረሻ የማያነብ አይጠፋም። ላፕቶፕ ግዙ። አዲስ አላልኩም፣ ዩዝድ። ኪቦርድ የተመረቀበት ርካሽ ታብሌት አትግዙ። ታብሌት የሚጠቅመው ሰው የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ፣ ወደ በኋላ አነሳዋለሁ።

ላፕቶፕ ነጋዴ ሆኜ አይደለም ይህን የምለው። ተበልቼ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። የቤቷ አሮጌ ዴስክቶፕ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ ያስፈታኛል። ባትሪ ያለው ነገር ፍለጋ መርካቶ ወረድኩ። ሻጩ ልጅ አፉ ቅቤ ነው። ካርቶኑ ላይ «12 ጂቢ ራም፣ 512 ጂቢ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ ራሙ ለሥራ ፍጥነት፣ ሁለተኛው ፋይል ለማስቀመጫ ነው። ኪቦርዱ፣ ማውዙ፣ ሽፋኑ፣ የስክሪን መከላከያው፣ ሁሉም ምርቃት። 16,000 ብር አለኝ፤ ተከራክሬ 14,500 አደረስኩት። ያኔ ደህና ዩዝድ ላፕቶፕ 24,000 ይባል ነበር። 9,500 ብር ያተረፍኩ መስሎኝ ላምበረት መናኸሪያ እስክደርስ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። መንገድ ላይ ከፍቼ ስነካካው ሸኖ ስንደርስ ባትሪው 41 ከመቶ ላይ ነበር። በዚያ ብር እዚያው ሸኖ ወርጄ ቅቤ ብገዛበት ኖሮ ቢያንስ ወጥ ይሠራልኝ ነበር።

ጉዱ የወጣው ሚያዝያ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ደብረ ሲና ተዳረች። የሰርጉን ቪዲዮ ከቀራጩ በፍላሽ ተቀብዬ ታብሌቱ ላይ ገለበጥኩ። 512 ጂቢ አይደል? ፍላሹን አጥፍቼ ለሰውዬው መለስኩለት። ማታ እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ ከፈትኩ። ሙሽራው ከጓደኞቹ ጋር ከቤት ሲወጣ ድረስ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ፋይል ሁሉ ግራጫ ሳጥን ሆነ። ስሙ አለ፣ መጠኑ አለ፣ ሲነካ ግን አይከፈትም። እናቴ «ሙሽራዋስ?» ትለኛለች። እኔ ስክሪኑን እደበድባለሁ። ደግነቱ ቀራጩ ሌላ ቅጂ ነበረው፤ ባይኖረው ኖሮ እህቴ እስካሁን አታናግረኝም ነበር።

አንድ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ፈትሾ ነገረኝ። እውነተኛው ማስቀመጫ 32 ጂቢ ነው። 512 ብሎ እንዲያሳይ ሶፍትዌሩን ነካክተውታል። ራሙም 2 ጂቢ ሆኖ ተገኘ። ቦታው ሲያልቅ ዕቃው «ሞላሁ» አይልም፤ እየተቀበለ ይጥለዋል። ስለዚህ ሻጭ ሴቲንግ ከፍቶ ቁጥር ሲያሳያችሁ አትመኑ፤ የተነካካው እሱ ራሱ ነው። እንዲያውም 64 ጂቢ ፍላሽ በፊልም ሞልታችሁ ሂዱ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ገልብጡና መጨረሻ የገባውን ክፈቱ። ሻጩ «እንዲህ ዓይነት ጊዜ የለኝም» ካለ ውጡ።

አሁን ወደ ኪቦርዱ። ሰው የሚሸወደው በእሱ ነው። ታብሌት ላይ ኪቦርድ ሲገጠም ዓይን ላፕቶፕ ያያል። ውስጡ ግን ያው ትልቅ ስልክ ነው። እኔ የምውለው አማርኛ ስጽፍ ነው፤ በላፕቶፕ ፓወር ግዕዝ ከፍቼ እንደ ጉድ እጽፋለሁ። በዚያ ታብሌት ስክሪኑ ላይ በጣት ሲነካ አማርኛ ይጽፋል፤ የተመረቀልኝን ኪቦርድ ስመታ ግን የሚወጣው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ሳምንት ሙሉ ታገልኩ። መጨረሻ ላይ ኪቦርዱን ወደ ጎን አድርጌ በጣቴ ስነካ አንዲት ደንበኛዬ አይታኝ «ታዲያ ይሄ ለጌጥ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሌላም አለ። ብዙ መሥሪያ ቤት የድሮ ደብዳቤና ቅጽ ቪዥዋል ግዕዝ በሚባል የድሮ ፎንት የተጻፈ ነው። የዛሬ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ የሚያነበው ዩኒኮድ አይደለም። ፎንቱ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ በደንብ ይነበባል፤ ታብሌት ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተደባልቆ እንደ ጠንቋይ ጽሑፍ ይሆናል። ከመሐል ሜዳ የመጣ አንድ አስተማሪ ዕቅዱን በታብሌት ይዞ «ተበላሽቷል» ብሎ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። ፋይሉን ተቀብዬ በእኔ ላፕቶፕ ከፈትኩለት። ምንም አልሆነም ነበር።

ስለ ኦፊስም ልጨምር፣ ሻጮች የማይነግሯችሁን። ማይክሮሶፍት የስልክና የታብሌት ኦፊሱን በነፃ ሰነድ እንድታርሙበት የሚፈቅደው ስክሪኑ ከ10.1 ኢንች ካልበለጠ ነው። ከበለጠ የሚከፈልበት ነው፤ ክፍያው ደግሞ በውጭ ካርድ ነው። «ስክሪኑ ትልቅ ነው፣ 11 ኢንች ነው» ብለው የሚያስወድዱት ታብሌት በዚህ በኩል ከትንሹ ይብሳል ማለት ነው። ሌሎች ነፃ መጻፊያዎች አሉ። ሰንጠረዥ ሲበዛበት ግን ገጹ ይተራመሳል፤ ፕሪንት ሲደረግ እዳው የእኔ ነው።

ዋጋ እንነጋገር፤ ሁሉም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ፣ የድሮ ዋጋ መጥራት ትርፉ ንዴት ነው። ሰሞኑን አዲስ አበባ ስጠይቅ የሰማሁት እንዲህ ነው። ስሙ የማይታወቅ ታብሌት ከነኪቦርዱ 15,000 እስከ 18,000 ብር። ስሙ የታወቀ 11 ኢንች ታብሌት ያለ ኪቦርድ ከ32,000 ጀምሮ፣ ደህና ኪቦርድ ሲጨመርበት 37,000። ባለ 8 ጂቢ ራምና 256 ጂቢ ኤስኤስዲ (ፋይል ማስቀመጫው)፣ 8ኛ ጄኔሬሽን (የፕሮሰሰሩ ትውልድ) ዩዝድ ላፕቶፕ ከ31,000 እስከ 36,000። ደብረ ብርሃን ላይ በእያንዳንዱ 2,000 ወይም 3,000 ጨምሩ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እውነተኛ ታብሌት ከነኪቦርዱ ከላፕቶፕ አይረክስም። የሚረክሰው የእኔ ዓይነቱ ብቻ ነው።

የእኔን ሒሳብ ደግሞ እዩት፤ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። መግዣ 14,500። በስድስተኛው ወር የቻርጅ ቀዳዳው ላላ፤ 900። ከዚያ ከጠረጴዛ ወደቀና መስታወቱ ተሰነጠቀ። ደብረ ብርሃን ሦስት ጠጋኝ ጋ ዞርኩ። አንዱ «ታብሌት አልከፍትም» አለኝ በቀጥታ። ሁለተኛው «የዚህ መስታወት አይገኝም» አለ። ሦስተኛው አዲስ አበባ ልኮ 6,200 ብር ጠየቀኝ፤ 5,500 ተስማማን። ሲመለስ ጥጉ ላይ ሙጫው በደንብ አልያዘም፤ በጥፍር ይነሳል። ድምሩ 20,900፣ ትራንስፖርት ሳልቆጥር። ለሥራ ያገለገለኝ ደግሞ አንድ ዓመት አይሞላም።

በ2017 ኅዳር ላይ ዩዝድ ላፕቶፕ ገዛሁ፣ በ29,000። ሻይ ደፍቼበት ኪቦርዱ ሞተ። ጠጋኙ ከአንድ የሞተ ላፕቶፕ ነቅሎ 1,800 ብር አስከፍሎኝ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ነበርኩ። ባትሪው ደከመ፣ 3,800 ሰጥቼ ቀየርኩ። በቃ፣ ከቻርጀር በቀር ሌላ ወጪ የለም። ባለፈው ወር አንድ ተማሪ 27,000 ልስጥሽ ብሎኛል። ታብሌቱን ግን በ3,000 ብር የሚወስድ አጣሁ።

ልዩነቱ ውስጣቸው ነው። ላፕቶፕ በብሎን የተያዘ ነው። ራሙ፣ ኤስኤስዲው፣ ባትሪው፣ ማራገቢያው በአብዛኛው ለየብቻው ይወጣል። ታብሌት በሙጫ የታሸገ ነው፤ በሙቀት አሙቀው ሲከፍቱት ደህናው ስክሪን ራሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። እኛ አገር ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከነጉልበቱ ነው የሚመጣው። የኔ ላፕቶፕ ቻርጀር አንዴ ተቃጥሏል፤ ዕቃው ራሱ ግን አልተነካም። ታብሌቱን በኮፒ ቻርጀር ስሰካው ስክሪኑ ማንም ሳይነካው ራሱን ይነካ ነበር፤ አንድ ቀን ለማላውቀው ሰው ደውሎብኛል።

ዩዝድ ላፕቶፕም ማታለያ አለበት፤ መልአክ አላደርገውም። ዋናው ጄኔሬሽን ነው። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ላይ የማይክሮሶፍት ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ «ኮር አይ 5 ነው» ሲሏችሁ አትርኩ። ሲስተሙ ላይ ከአይ 5 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። 8250 ወይም 8350 ከሆነ ጥሩ። 6200፣ 6300፣ 7200፣ 7300 ካለ የቆየ ነው፤ ዋጋው በብዙ መውረድ አለበት። የሞዴል ስም ብቻ አይበቃም። የኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ 5 በአብዛኛው 8ኛ ነው፤ 7ኛ የገባበትም አለ።

እኔ የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ 480 ነው የያዝኩት። ሁለት ባትሪ አለው፤ የውጩ ባትሪ ላፕቶፑ ሳይጠፋ ይነቀላል። መብራት ለሚጠፋበት ከተማ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። የዴል ላቲቲዩድ 7490ም ጥሩ ነው ይሉኛል፣ እኔ አልያዝኩትም።

ስትገዙ አጥፍታችሁ አብሩት። ሲነሳ ወደ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ) ግቡ፤ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ 1። የይለፍ ቃል ከጠየቀ አትግዙ። ከውጭ ድርጅት የወጣ ዕቃ ነው፤ የቆለፈው ሰው አይገኝም። ኪቦርዱን አንድ በአንድ ምቱ። ዓረብኛ የተጻፈበት ይመጣል፣ እሱ ችግር የለውም። ጀርመንኛው ግን «ዋይ»ና «ዜድ» ተለዋውጠው ያናድዳል። ቻርጀሩን በእጅ መዝኑት፤ እንደ ባዶ ክብሪት ከቀለለ ኮፒ ነው።

ለልጅ የሚገዙት አባባም ይህን ያስቡበት። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለተወሰነው ተማሪ በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም በኮምፒውተር ነው። ስክሪን በጣት ብቻ የለመደ ልጅ ፈተና ክፍል ውስጥ ማውዝ ሲፈልግ ደቂቃው ይሄዳል። ደግሞ ታብሌት የተገዛለት ልጅ ምን እንደሚያይበት እናውቃለን። ላፕቶፕ ላይም ያያል፣ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዞት ለመግባት ይከብደዋል።

ታብሌት ለማን? መንዝ ገጠር ውስጥ በሶላር ብቻ የምትኖሩ ከሆነ ታብሌት። በተራ ፓወር ባንክ ይሞላል፤ ላፕቶፕ ግን ተራ ፓወር ባንክ አይበቃውም። ሲም ካርድ የሚቀበል ከሆነ ኢንተርኔቱም ከስልክ ሳይበደር ይገባል። በብዙ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መረጃ የሚመዘግቡት በታብሌት ነው፤ ቆሞ በእጅ ይዞ ለመሙላት ላፕቶፕ አይመችም። ንባብ፣ መዝሙር፣ የልጆች ትምህርት ቪዲዮ፣ ለዚህ ሁሉ ታብሌት ደስ ይላል። ግን ስሙ የታወቀውን ግዙ፣ ኪቦርዱንም ተዉት። የኪቦርዱን 5,000 ብር ጥሩ ሽፋን ግዙበት፣ የተረፈውን አስቀምጡ። በታኅሣሥ ማለዳ ደግሞ በጓንት ስክሪን አይነካም፤ የደብረ ብርሃን ሰው የምለው ይገባዋል።

የኔ ታብሌት አሁን እናቴ ጋ ነው። ጥጉ በፕላስተር ተይዞ መስኮት ላይ ተደግፎ መዝሙር ያሰማታል። 32 ጂቢው ለእሷ በዝቶባታል። ኪቦርዱ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የሚፈልግ ካለ በ300 ብር ይውሰድ፤ «ኤን» የምትለዋ ቁልፍ ግን አትሠራም።