ሥር የሌለው የጽጌረዳ ችግኝ እየተሸጠ ስለሆነ ተጠንቀቁ

ለግቢያችሁ ጽጌረዳ ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ አደራ እላለሁ። ባለፈው ሐምሌ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ፣ ዓመት የሞላቸው ናቸው ተብዬ፣ ስድስት ጽጌረዳ እያንዳንዱን በ450 ብር ገዛሁ። ሁሉም እምቡጥ ይዘው ነበር። ላስቲኩን ስቀድደው አፈሩ እንደ ዱቄት ሲበተን ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ይረግፍ፣ ግንዳቸውም ከታች ወደ ላይ ይጠቁር ጀመር። ሻጩ ውሃ አብዝቼ እንዳበሰበስኳቸው ስለነገረኝ ራሴን ስወቅስ ሰነበትኩ። አንዱን ስነቅለው ግን ጫፉ በቢላዋ በሰያፍ የተቆረጠ እንጨት ነበር፤ አንድም የሥር ክር አልነበረውም።

ጽጌረዳን ከቅርንጫፍ ቆርጦ ማራባት የታወቀ ዘዴ ነው፤ በደሉ ቁራጩ ሥር ሳይሰድ እንደ ደረሰ ችግኝ መሸጡ ነው። ቁራጭ ሥር ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ድረስ ግን በግንዱ ያከማቸውን ምግብ እየተጠቀመ፣ በማስቀመጫ ውሃ ውስጥ እንደቆመ አበባ፣ እምቡጡን ይከፍታል፣ ቀይ ቡቃያም ያወጣል። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቶሎ አይጠወልግም፤ ስለዚህ አበባውም ሆነ ቡቃያው ማረጋገጫ አይሆንም።

ማረጋገጫው ከታች ነው። ላስቲኩን አንሥታችሁ በቀዳዳዎቹ በኩል ነጫጭ ሥር መታየቱን ተመልከቱ፤ ግንዱንም ቀስ አድርጋችሁ ሳብ ስታደርጉት አፈሩን ይዞ መነሣት አለበት። የተዳቀለ፣ ማለትም በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተጋጠመ ነው ከተባላችሁ ከአፈሩ አጠገብ የተጋጠመበት እብጠት ይኖረዋል። ብዙ የምትገዙ ከሆነ አንዱን ላስቲክ ቀድደው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ያለውን ሻጭ ትታችሁ ሂዱ። በቴሌግራም ፎቶ ብቻ አይታችሁ ቅድሚያ አትክፈሉ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል።

ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ አበባውንና እምቡጡን በሙሉ ቁረጡ፣ ከላይ ሁለት ሦስት ቅጠል ብቻ አስቀሩ፣ የጠቆረውን ጫፍ ጤነኛው እንጨት እስኪታይ ድረስ ቆርጣችሁ አሸዋ በበዛበት አፈር ጥላ ሥር ትከሉት፤ ሥር እስኪይዝ ፍግም ሆነ ማዳበሪያ አታስጠጉት። እኔ ከስድስቱ ሁለቱን ያዳንኩት በዚህ መንገድ ነው።