«የተረጋገጠ ወንድ» ተብሎ የሚሸጥ ክላውንፊሽ እንዳትገዙ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ሰሜን ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አካባቢ የጨው ውሃ አኳሪየም ያላችሁ፣ በተለይ ከጥንድ ክላውንፊሽ (ብርቱካናማ ሆኖ ነጭ መስመሮች ያሉት ትንሽ የባሕር ዓሣ) አንዱ የሞተባችሁ፣ ምትክ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

እንዲህ ዓይነቱን ሱቅ ታውቁታላችሁ። ሰማያዊ መብራት፣ ግድግዳውን ሙሉ የተደረደረ ታንክ፣ ስለ ኮራል ስትጠይቁት የማያባራ፣ ስለ ዋስትና ስትጠይቁት ግን ስልኩን መነካካት የሚጀምር ሻጭ። ስሙን አልጠራም። ሥራቸውን ግን እናገራለሁ።

እኔ ቤት ያለችው ኦሴላሪስ (አንዱ የክላውንፊሽ ዓይነት ነው) ለዓመታት ከባሏ ጋር የኖረች ናት። ማለቴ፣ ነበረች። ወንዱ ከታንኩ ዘሎ ወጥቶ ሞተ። (ክላውንፊሽ ይዘላል። የመረብ ክዳን የሌላችሁ ዛሬውኑ ፈልጉ።) ከዚያ በኋላ አንድ ጥግ ይዛ ቀረች፣ ምግብም ቀነሰች። እንቁላል የምትጥልበትን ድንጋይ ብቻዋን በአፏ ስታጸዳ ማየት አንጀት ይበላል።

ባል ልፈልግላት ሄድኩ። ለሻጩ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ሴት አለችኝ፣ ትልቅ ናት፣ 8 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፣ ወንድ ነው የምፈልገው አልኩት።

የክላውንፊሽን ነገር ለማታውቁ፦ ሴት ሆኖ የሚፈለፈል የለም። ሁሉም ወንድ ሆነው ነው የሚጀምሩት። ከመካከላቸው ትልቁና ኃይለኛው ወደ ሴትነት ይለወጣል፣ ቀጥሎ ያለው ባል ይሆናል፣ የቀሩት ትንንሽ ሆነው ተራ ይጠብቃሉ። ሴቷ ከሞተች ባሏ ራሱ ሴት ይሆናል። አንዴ ሴት ከሆነ በኋላ ግን መመለስ የለም። ስለዚህ ሁለት ሴቶች አንድ ታንክ ውስጥ ከገቡ አንዷ እስክትሞት ይፋጃሉ። ሻጩ ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቃል። እንጀራው ነው።

ወደ አንድ ታንክ ወሰደኝ። ሁለት ነበሩ፣ አንዱ ተለቅ ያለ፣ አንዱ ትንሽ። ትልቁን በመረብ አወጣው። «የተረጋገጠ ወንድ ነው» አለኝ። ዋጋው 90 ዶላር። ሌሎቹ ትንንሾች 25 ዶላር ነበሩ። «ትልቅ አልሆነም ወይ?» አልኩት። «አይ፣ ወንድ ነው፣ እኔ ራሴ ስከታተለው የቆየሁት ነው» አለኝ። በዓይን ብቻ አይለዩም፤ የሚያስታውቁት በመጠናቸውና በጠባያቸው ነው፣ ጠባያቸውን ደግሞ ሲያይ የቆየው እሱ ነው። «መጀመሪያ ቀዳዳ ባለው ሳጥን ልለየው?» ስለው ሳቀ። «ወንድ እኮ ነው፣ ራሱ ይለማመጣታል። መብራቱን አጥፊና ልቀቂው።»

ለቀቅኩት።

የሆነውን ማየት ይከብዳል። የክላውንፊሽ ወንድ ሴት ፊት ሲቀርብ ጎኑን አዘንብሎ ይንቀጠቀጣል፣ እጅ ሰጠሁ ማለቱ ነው። ይሄኛው አልተንቀጠቀጠም። በቀጥታ አፏን ነከሳት። አፍ ለአፍ ተያይዘው ተሽከረከሩ። ጥርሳቸው ሲጋጭ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ከመስታወቱ ውጭ ይሰማ ነበር። እንደምንም በመረብ ለየኋቸው፣ ግን የእኔዋ የጎን ክንፏ ተበጣጥሶ፣ አንድ ዓይኗ ደፍርሶ ነበር። ሌሊቱን ሞተች።

በማግስቱ አዲሱን ዓሣ በባልዲ ይዤ ሱቁ ሄድኩ። የሸጠልኝ ልጅ ስልኩ ላይ ነበር። ሌላው ሠራተኛ፣ ምንም የማያውቀው፣ ባልዲው ውስጥ አየት አደረገና ፊቱ በራ። «እንዴ! ይቺ የእኛዋ ሴት አይደለችም እንዴ?» አለ። በጎኗ ያለው የመሐሉ ነጭ መስመር ሆዷ ጋ ሳይደርስ የተቆረጠ ነው፣ በእሱ ነው ያወቃት። ቀጠለና «ባሏ ከሄደች ጀምሮ ምግብ አልነካም» አለ። ያ ትንሹ፣ አጠገቧ የነበረው፣ ባሏ ነበር።

ሁለት ጥንድ ነው ያፈረሱት። የራሳቸውን ጥንድ ለያይተው፣ ሴቷን ወንድ ናት ብለው፣ ከሦስት እጥፍ በላይ በሆነ ዋጋ።

የሸጠልኝ ልጅ ቀና እንኳ አላለም። በጣቱ ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየኝ፦ ከበሩ ከወጣ በኋላ ዋስትና የለም። «የእኔዋ ሞታለች» ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። «ዓሣ እኮ ነው። ከፈለግሽ በ25 ዶላር ትንሽ አንድ ውሰጂ።» ለማን ልውሰደው? ከጀርባዬ ወረፋ የያዘው ሰው እንኳ አፈረ፣ እሱ ግን አላፈረም። ይህን ንቀቱን ነው መዋጥ ያቃተኝ።

ዓሣዋን እዚያው ትቻት ወጣሁ። ባሏ እዚያ ስላለ እንጂ ለእነሱ ብዬ አይደለም። ነገ ለሌላ ሰው ወንድ ብለው እንዳይሸጧት እፈራለሁ፤ መስመሯ የተቆረጠ ትልቅ ኦሴላሪስ ካያችሁ እሷ ናት። ደረሰኙ ላይ «የተረጋገጠ ወንድ» ብለው ስለጻፉ ገንዘቤን እንዲያስመልስልኝ ለባንኬ አመልክቻለሁ።

ሴት ለቀረቻችሁ፦ ለ«ወንድ» ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ። በእርባታ የተፈለፈለ፣ ከእሷ በግማሽ የሚያንስ ልጅ ዓሣ ውሰዱ፣ እሷ ሥር ሲያድግ ራሱ ባል ይሆናል። መጀመሪያ ለብቻው በሌላ ታንክ ይቆይ፣ ብሩክሊኔላ የሚባለው በሽታ አዲስ በገባ ክላውንፊሽ አብሮ ይመጣል። ከዚያ ቀዳዳ ባለው ሳጥን ውስጥ ሆኖ ይተያዩ፣ እሱ ሲንቀጠቀጥላት እስክታዩ ድረስ አትልቀቁት። ሳጥን አያስፈልግም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ካርዳችሁን ሳታወጡ ውጡ።