ሦስተኛው ሬጉሌተር፦ ሞተሬ ከ18 ወር በኋላ

ሞተሯን የገዛኋት ኅዳር 2016 ነው። ዛሬ ቆጣሪዋ 25 ሺህ አልፏል። 150 ሲሲ ናት፣ ኢንጀክሽን፣ በእግር ረግጠው የሚያስነሱበት መርገጫ የላትም። ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሥራዬ ከባሕር ዳር ወደ መራዊ፣ ከዚያ ቆጋ መስኖ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ነው። ግማሹ አስፋልት ነው፤ ቀሪው ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ። ለዚህ መንገድ አትታማም። በሊትር 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትሄዳለች፣ ፍሬኗ ይይዛል፣ ሁለት ሰው ጭና ዳገት አትፈራም። ካቴናና ጎማ መቀየሩ የየትኛውም ሞተር ወግ ነው። ችግሯ አንድ ነው፤ ቻርጅ አትይዝም።

ዋስትናው «12 ወር ወይም 12,000 ኪሎ ሜትር» ይላል። እኔ ያነበብኩት 12 ወሩን ብቻ ነው። በ9ኛው ወር ፍሬቻው ብልጭታው ዘገየ፣ ክላክሱ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ አወጣ። አንድ ጠዋት ቁልፉን ስጫን ማስነሻው ሞተሪኖ «ጠቅ» ብሎ ዝም አለ። ወደ ሻጩ ወሰድኳት። ልጁ ወረቀቴን ሳያይ ጎንበስ ብሎ ቆጣሪውን አነበበ፦ 12,640።

«ወንድሜ፣ አልቋል። ቀድሞ የደረሰው ነው የሚቆጠረው።»

ልክ ነው፣ ተጽፏል። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በ7ኛው ወር ለሰርቪስ ስሄድ «ክላክሱ ማታ ማታ ይደክማል» ብያቸው ነበር። በቃል። ማንም አልጻፈው፣ እኔም ጻፉልኝ አላልኩ።

ከዚያ የጋራዥ ዙር ተጀመረ። አንዱ ባትሪ ነው አለ፣ ቀየርን፤ ሁለት ሳምንት ሄደች። ሌላው ሬጉሌተር ነው አለ (ዲናሞው የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ለባትሪው የሚመጥነው ዕቃ)፣ ቀየርን፤ አንድ ወር ሄደች። ከዚያ ሬጉሌተሩ ፎርጅድ ነው ተባልኩና ሌላ ገዛሁ። አዲሱም ባትሪ እስከዚያ አልቆ ስለነበር አብሮ ተቀየረ። ሁለት ባትሪና ሁለት ሬጉሌተር፣ 11,600 ብር። ሁሉም ጠዋት ላይ ቴስተር እየሰኩ 14 ቮልት አሳይተውኛል። 14 ደግሞ ጤነኛ ቁጥር ነው፤ ምን ብዬ ልከራከር?

ከመራዊ ስመለስ አመሻሽ ላይ የፊት መብራቱ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ሞተሯ ቀጥ አለች። መንገድ ላይ ያሉ ልጆች ገፉኝ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ያቺ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ጋ መጣች። በድሮው ካርቡራተር ቢሆን መርገጫውን ረግጦ ወይም አስገፍቶ መሄድ ነበር። ኢንጀክሽን ግን ቤንዚኑን የሚገፋው በኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፤ ባትሪው ጭራሽ ከሞተ መግፋቱ ላብ ብቻ ነው። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ላይ ተጭነን ገባን።

በመጨረሻ የውሃ ፓምፕ ዲናሞ የሚጠመጥሙ አንድ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። ቴስተራቸውን እንኳ አላነሱም።

«ቤትህ ቅርብ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው ቀዝቃዛ ናት። አርባ ደቂቃ ነድተሃት ና።»

ነድቼ መጣሁ። ባትሪው ላይ ሲለኩ፣ ጋዝ እየሰጠኋት፣ 12.3። እየወረደም ነበር። ከሞተሯ ዲናሞ ሦስት ቢጫ ሽቦዎች ይወጣሉ። የሚገናኙበትን ስፒና ሲነቅሉት ነጩ ፕላስቲክ ያረረ ቡና መስሏል፣ ሽታው ሳይቀር። ከዚያ እያንዳንዱን ቢጫ ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር ፈተሹ። ምንም ድምፅ መኖር የለበትም። ቴስተሩ ግን ጮኸ። የዲናሞው ሽቦ ጥቅል የተሸፈነበት ቫርኒሽ ተሰንጥቋል፤ ሲግል መዳቡ ብረቱን ይነካል፣ ሲበርድ ይለቃል። ለዚያ ነው ጠዋት ጠዋት ጤነኛ የነበረችው።

«ትኩሳት ያለበትን ሰው ትኩሳቱ ሲወርድለት እየወሰድክ አሳየህ» አሉኝ።

በሦስት ቀን ጠመጠሙት፣ 3,500 ብር። ስፒናውን ጥለው ሽቦዎቹን በቀጥታ በየዱ። ሬጉሌተሩ ጭቃ መከላከያው ሥር ተደብቆ ክንፎቹ በደረቀ ጭቃ ተሞልተው ነበር። ትርፍ ኤሌክትሪኩን ወደ ሙቀት ቀይሮ የሚያስወጣ ዕቃ ነውና ነፋስ ወደሚመታው ቦታ አዛወሩት። ወንበር ሥር የወረወርኳቸውን ሁለት አሮጌ ሬጉሌተሮችም ለኩልኝ። አንደኛው ደህና ነበር! ያ ቀን ምሳ አልበላሁም።

ይኸው 5 ወር። መሪው ላይ ትንሽ ቮልት ማሳያ አስገጥሜያለሁ፤ በትኩሱም 14.2 ይላል።

እንደገና እገዛት ነበር? ከተማ ለሚነዳ፣ አዎ። ዲናሞ የሚያውቅ ሰው በሌለበት ገጠር ለሚውል ግን ካርቡራተርና መርገጫ ያላትን ፈልግ እለዋለሁ፣ ቤንዚን ብትበላም። ከገዛችኋት ደግሞ 11,000 ሳይሞላ በፊት ሰርቪስ ላይ አስግላችሁ አስለኩ፤ ቁጥሩንም በማኅተም አስጽፉ።

ክረምቱ እየመጣ ነው። ብየዳውን በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ውሃ ከገባበት መስከረም ላይ እነግራችኋለሁ።