እጅሽ ይባረክ፣ እታለም

ባሕር ዳር ወይም አካባቢዋ በካንሰር ምክንያት ጡቷ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት፣ ወይም እንዲህ ያለች እናት፣ እህት፣ ጎረቤት ያለችው ሰው ይህን እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ። ረዘም ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ "ነገ እጽፈዋለሁ" ስል የቆየሁት ምስጋና ስለሆነ ነው።

የማመሰግናት ጡቷ ለወጣላት ሴት የጨርቅ ጡት የምትሠራ አንዲት ልብስ ሰፊ ናት። ስሟን እንዳልጽፍ አስምላኛለች። "ግብር ሰብሳቢ ያነበዋል" ብላ ብትስቅም ምክንያቷ እሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሰው ሲያመሰግናት የምትገባበት ይጠፋታል። ደንበኞቿ ሁላችን እታለም ነው የምንላት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ብዙ ዘመን ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ አሁን ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል አንድ የእግር ሲንጀር አስቀምጣ የምትሰፋ ሴት ናት።

የግራ ጡቴ የወጣው ጥር 2015 ነው። ቁስሉ ሲጠግግ ስምንት ዙር ኬሞ፣ ማለትም በደም ሥር የሚሰጥ የካንሰር መድኃኒት፣ በየ21 ቀኑ ታዘዘልኝ። የመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች እኛ "ቀዩ" የምንለው መድኃኒት ነው፤ መልኩ የከርከዴ ሻይ ነው የሚመስለው። ቀዩን የወሰደች ሴት ለአንድ ሁለት ቀን ሽንቷ ይቀላል። እኔ ይህን የነገረኝ ስላልነበረ ደም መስሎኝ በእኩለ ሌሊት ባለቤቴን ቀሰቀስኩት፤ ሁለታችንም ሽንት ቤት በር ላይ ቆመን አለቀስን። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያኔ ግን የምሞት ነበር የመሰለኝ። ፀጉሬ በሦስተኛው ሳምንት ትራሴ ላይ ቀረ።

ፀጉሩስ ይበቅላል፣ ሻሽም አለ። ያስቸገረኝ ሚዛኔ ነው። አንድ ጡት የሌላት ሴት ትከሻዋ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ አንገቷን፣ ጀርባዋን ያማታል። መምህርት ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። መጀመሪያ የልጄን ካልሲ ጠቅልዬ ጡት መያዣዬ ውስጥ እከት ነበር። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ እጄን ዘርግቼ ስጽፍ ካልሲው ተንሸራቶ ብብቴ ሥር ገባ። ዞር ስል የፊት ወንበር ላይ ያለች ልጅ አየችው። ምንም አላለችም፤ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። ቤቴ ስደርስ ያለቀስኩት ለካልሲው ሳይሆን ለዚያች ልጅ ጨዋነት ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ሳስረዳው ሜትሩን እንደያዘ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ "ይተላለፋል እንዴ?" አለኝ። አልፈርድበትም፣ ካንሰር እንደማይተላለፍ ያልሰማ ብዙ ነው። ተመልሼ ግን አልሄድኩም። እታለምን የነገረችኝ ኬሞ የምወስድበት ክፍል ያለች ነርስ ናት። "እሷ ዘንድ ሂጂ፣ ልኩን ታውቀዋለች" ብላ በካርቶን ቁራጭ ላይ አቅጣጫውን ሣለችልኝ።

ስገባ አልደነገጠችም፣ አላዘነችልኝምም። መጋረጃውን ጋርዳ፣ እጇን አሙቃ፣ ሜትሩን ደረቴ ላይ አሳለፈች። ከዚያ ከሐኪሞቼ በቀር ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ፤ "ይኸኛው ጎን ያምሻል ወይስ ደንዝዟል?" ደንዝዟል አልኳት፣ እስከ ክንዴ ውስጠኛ ክፍል ድረስ። "እንግዲያው ክር ቢቆረቁርሽም አታውቂውም፣ ስፌቱን ወደ ውጭ አዞረዋለሁ" አለች። ይቺን አንድ ዐረፍተ ነገር ለመስማት ስንት ወር እንደጠበቅሁ ያን ቀን ነው የገባኝ።

አሠራሯን ልንገራችሁ፣ ሙያ ስለሆነ። ቁስሉ ገና ለሆነች ሴት ከባድ ነገር አትሰጥም። በቀጭን የጥጥ ጨርቅ ባዘቶ ሞልታ ላባ የሚያህል ቀላል ጡት ትሠራላታለች። ሁለት ወር ገደማ አልፎ ሐኪሟ "ቁስሉ ድኗል" ሲላት ነው ዋናው የሚሠራው። ባዘቶ ብቻውን ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፣ ስትራመጂ ወደ አገጭሽ የሚሄድ ይመስላል። መጀመሪያ በዳጉሳ ሞክራ ነበር፤ ክብደቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ እንደ ከረጢት ይቆማል፣ አይፈስም። በመጨረሻ ያጸናችው ተልባን ነው። ተልባ ሙልጭልጭ ስለሆነ ስትጎነበሺ አብሮ ይጎነበሳል፣ ስትተኚ ይዘረጋል። ተልባው ለብቻው በትንሽ ከረጢት ይገባል፤ ከረጢቱ በባዘቶ ልባስ ውስጥ ይቀመጣል። ልባሱ ይታጠባል፤ ተልባው ውኃ ከነካው ልጋግ ስለሚያወጣ ከማጠብ በፊት ማውጣት ነው። በዓመት አንዴ ትቀይርላችኋለች።

ክብደቱንስ? ጎረቤቷ ቅመም ነጋዴ ነው፣ የሱን ሚዛን ትዋሳለች። በቀረው ጡትሽ በኩል ያለውን የጡት መያዣ ልክ ወስዳ ትሞላለች፣ ታስለብስሻለች፣ መስተዋት ፊት ታቆምሻለች፣ በማንኪያ ትቀንሳለች፣ በማንኪያ ትጨምራለች። ትከሻዎችሽ እኩል ሲሆኑ ያን ጊዜ ትመዝንና ደብተሯ ላይ ትጽፈዋለች። የእኔ 340 ግራም ነው። ሚዛኑ ዝንጅብል ዝንጅብል ስለሚሸት ጡቴም የመጀመሪያውን ሳምንት ዝንጅብል ይሸት ነበር።

ከውጭ የሚመጣውን የሲሊኮን ጡት የለበሰች ሴት አውቃለሁ፤ ጥሩ ነው ትላለች። እኔ ግን ታሞክሲፈን የሚባል፣ ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚያግዝ ክኒን እውጣለሁ፣ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ቢያንስ ለ5 ዓመት። ይህ መድኃኒት ድንገት እንደ እሳት ያነዳል። በዚያ ላይ የባሕር ዳር ሙቀት! ጥጥ ላብ ስለሚመጥ ይሻለኛል። ምርጫው የየራስ ነው።

ከስፌቱ ይልቅ የምወደው ግን የሱቋን ግድግዳ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ክንድ አልነሳ ይላል፤ ጣቶችን ግድግዳ ላይ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እያስኬዱ ማፍታታት ያስፈልጋል። እታለም "የማይነሳ ክንድ አልለካም" ትልና ግድግዳው ፊት ታቆማለች። ጣት የደረሰበት ላይ በልብስ ጠመኔዋ መስመር ታሰምራለች። አጠገቡ ስም የለም፣ እያንዳንዷ መስመሯን ታውቃለች። በሁለት ሳምንቱ ስትመጪ ከድሮው መስመር አንድ ስንዝር አልፈሽ ታገኛለሽ። አንዳንዷ አታልፍም፤ ያን ቀን መሪ የሌለው ጭቅጭቅ ይነሳል፣ "ውኃ ቀድተሻል አይደል? በዚያ እጅ ጀሪካን ይዘሻል!" እየተባለ። ክንዷ የሚያብጥባትን ሴት ቀሚስ ስትሰፋም በዚያ ወገን ያለውን እጅጌ ሰፋ አድርጋ፣ ከውጭ እንዳይታወቅ አድርጋ ነው።

እንዲህ ልብስ ልንለካ እየሄድን እርስ በርስ ተገናኘን። ማንም ያቋቋመው ማኅበር የለም። ቅዳሜ ከሰዓት እንመጣለን፣ የዘጌዋ ከጓሮዋ ያመጣችውን ቡና ትቆላለች። ስማችንን ከመንደራችን ነው የምንጠራው፤ የዘጌዋ፣ የመርዓዊዋ፣ የደብረ ታቦሯ። ሐጂዋም አሉ፣ እሳቸውን ደፍሮ በአገር የሚጠራ የለም። ጨርሳ የወጣችው ለምትጀምረዋ ትነግራለች፤ ሽንት እንደሚቀላ፣ አፍ ሲቆስል ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት እንደሚሻል፣ ከሁሉም በላይ ትኩሳት 38 ከደረሰ "ነገ ይነጋል" ሳይባል በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል እንደሚኬድ። ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ስለሚያወርድ ትንሽ ኢንፌክሽን ሰው ይገድላል። ቴርሞሜትር የሌላት አንዷ ዘንድ ያለውን ትወስዳለች። የተረፈ ክኒን መለዋወጥ ግን እታለም አትፈቅድም። "እዚህ ክር ነው የምንዋዋሰው" ትላለች።

ነሐሴ 2015 መንገድ ሲዘጋ የመርዓዊዋ ዙሯ ደርሶ ነበር። መርዓዊ ከዚህ ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙም አትርቅም፤ ያን ሰሞን ግን አሜሪካ ሆነች። ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፣ ኢንተርኔት የለም። 21ኛው ቀን አለፈ፣ 30ኛው አለፈ፣ በ36ኛው ቀን መጣች፣ ከፊሉን በእግሯ። ከዚያ በኋላ እታለም የልኬት ደብተሯን ገልብጣ በጀርባው በኩል "ፍራሽ ያላቸው" የሚል ገጽ ከፈተች። ከገጠር የምትመጣ ሴት ከቀጠሮዋ ቀደም ብላ ትገባና ፍራሽ ያላት ቤት ታድራለች። እኔ ቤት ሦስት ሴቶች አድረዋል። ለባጃጅና ለድንገተኛ መድኃኒት በየቅዳሜው 20 20 ብር የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እንጥላለን። ዕጣ ስለሌለው እቁብ አይደለም፤ የቸገራት ታወጣለች፣ ማን እንዳወጣ አይቆጠርም። እኔ ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ስሄድም ከዚያች ቆርቆሮ ወጥቶልኛል፤ ያረፍኩትም የእታለም እህት ልጅ ቤት ነበር፣ አምስት ሳምንት ሙሉ።

ሁሌ አንስማማም። የደብረ ታቦሯ ሁለት ዙር ወስዳ "መርፌው ገደለኝ፣ ጠበል እገባለሁ" ብላ ቀረች። እኔ ተቆጥቼ፣ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ መምህርት ነኝ ብያችኋለሁ። እታለም ሄዳ ጠበሉ ድረስ አገኘቻት። "ጠበሉንም ጠጪ፣ መርፌውንም ተወጊ። መርፌው በ21 ቀን አንዴ ነው፣ 20ውን ቀን ለጠበሉ ስጪው" አለቻት። የነፍስ አባቷም ይህንኑ ደገሙላት። ተመለሰች። ዘንድሮ ለጥምቀት እታለም የሰፋችላትን የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ አይቻታለሁ።

የመርዓዊዋ ግን አልቀናትም። ካንሰሩ ጉበቷ ላይ ወጣ። ሰውነቷ እየቀለለ ሲሄድ የቀረው ጡቷም አነሰ፣ የተልባው ከበዳት። እየመጣች "እታለም፣ ቀንሽልኝ" ትላለች። እታለም ከረጢቱን ትፈታለች፣ በማንኪያ ታወጣለች፣ ትመዝናለች፣ ትጽፋለች። 380 የነበረው 310፣ 260፣ መጨረሻ 210 ደረሰ። ያወጣችውን ተልባ በብልቃጥ እያኖረች "ስትወፍሪ እመልስልሻለሁ" ትላት ነበር። የመርዓዊዋም "አደራ፣ ለወጥ እንዳታደርጊው" ትላለች። ባለፈው ጳጉሜ ቀበርናት። ብልቃጡ መደርደሪያው ላይ፣ ከአዝራሮቹ ጎን አለ። ማንም አያነሳውም።

ከዚያ ወዲህ ወገቤን ባመመኝ ቁጥር "የእኔም ተመልሶ ይሆን?" እያልኩ ሌሊት አልተኛም። ቼክ የማደርገው በየስድስት ወሩ ነው፣ በመካከሉ ያለው ጊዜ የፍርሃት ነው። ለባለቤቴ ብነግረው ከእኔ ይብሳል። ቅዳሜ ስናገር ግን "ስንት ቀኑ ነው?" ይሉኛል። ሁለት ሳምንት ካለፈው አንዷ ይዛኝ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች፤ ካላለፈው አብረን እንጠብቀዋለን። እግር ከደነዘዘ ግን አንድ ቀንም አይጠበቅም፣ ይህን ነርሷ ናት ያስተማረችን። እስካሁን ሦስት ጊዜ ቆጥረንለት ሦስቱንም ጊዜ በራሱ ጠፍቷል፤ አንዱ ድንች ተሸክሜ የመጣ ነበር።

አሁን ልትሄዱ ለምታስቡ። አቅጣጫውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እዚህ አልጽፍም። የድሮ ጡት መያዣችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ አዲስ አትግዙ፤ የጨርቁ ጡት የሚገባበትን ኪስ የምትሰፋው እሱ ላይ ነው። ለባዘቶው ጡት ምንም አትቀበልም፣ ለተልባው እኔን 300 ብር አስከፍላኛለች፤ የሌላት እንደሌላት ትንገራት፣ አትጠይቅም። ሰኞ ያለቻችሁ ሐሙስ እንደሚሆን ከወዲሁ እወቁት። እውነቱን ለመናገር ለሠርግ ልብስ ሌላ ሰፊ ብትፈልጉ ይሻላል፤ የእህቴን ሚዜ ልብስ የቅዳሴ ካባ አስመስላዋለች። ባል ወይም ወንድም አድርሶ ይመለስ፣ ክፍሏ ትጠባለች፣ መጋረጃዋም አንድ ናት።

ቅዳሜ የምትሄዱ ከሆነና ኬሞ ላይ ሆናችሁ የቡና ሽታ የሚያስመልሳችሁ ከሆነ በሩ ላይ ሳላችሁ ተናገሩ። የዘጌዋ ከሰሏን አንስታ ደጅ ትወጣለች።